የሜዳ ፈረስ ዋጋ

አንድ ዕቃ ወይም አንድ እንስሳ ለዕለት ኑሮ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ዋጋ ሲጠየቅበት፣ ያ ዋጋ በምን ሚዛን ይመዘናል? ጥያቄው የሻጭና የገዢ ብቻ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። በማናቸውም ኅብረተሰብ ዘንድ ገንዘብ የሰውን ድካም የሚወክል እንደ መሆኑ መጠን፣ ድካም በምን ላይ ሊውል ይገባዋል ብሎ መጠየቅ ሰው ለምን ይኖራል ብሎ ከመጠየቅ ብዙም አይርቅም።

ነገሩን ከቅርብ ለመጀመር ወደ አዊ ምድር እንመልከት። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ፣ የገበያ ቀንን በስሟ የተሸከመች ከተማ ናት። በዚህ አገር ፈረስ ያርሳል፤ ይጭናል፤ ሙሽራ ያጅባል፤ ለቅሶ ያደርሳል። የሥራ ፈረስ ዋጋ ለማንም ግልጽ ነው፤ ስንት ያርሳል፣ ስንት ይሸከማል፣ ስንት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይተመናል። ከዚሁ ጎን ግን ሌላ ዓይነት ፈረስ አለ፤ ቁመናው የተመረጠ፣ ለግልቢያና ለጉግስ የተገራ፣ ገብስ እየተቀለበ ጀርባው ከጭነት የተጠበቀ፣ ባማረ ኮርቻና በግላስ የሚሸለም ፈረስ ነው። የዚህ ፈረስ ትልቁ ቀን ጥር 23 ነው። የአድዋን ድልና የአርበኞችን ተጋድሎ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ዕለት እንጅባራ ላይ ይሰለፋል፤ በ2012 ዓ.ም. ሰማንያኛ ዓመቱን አክብሯል።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ገበያ ወጣ እንበል። በሬ መግዛት ይችላል፤ የቤቱን ክዳን ቆርቆሮ ማልበስ ይችላል፤ ልጁን ከተማ ልኮ ማስተማር ይችላል። እርሱ ግን ዓይኑን የጣለው በግልቢያ ፈረስ ላይ ነው። ይህ ሰው አባካኝ ነውን? ወይስ እኛ የማናየውን አንድ ነገር አይቷል?

ለዚህ ጥያቄ መስተዋት የሚሆን ነገር በሩቅ አገር ይገኛል። አሜሪካውያን «ማስል ካር» የሚሉት፣ ብርቱ ሞተር የተገጠመለት አውቶሞቢል አለ። ከዚህ ወገን የሆነው ሸቭሮሌ ካማሮ ዜድ 28 እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ የተሠራው 602 ብቻ ነበር። የተሠራውም «ትራንስ አም» በተባለው ውድድር ለመሰለፍ ነው፤ የውድድሩ ደንብ ሞተሩ ከ5 ሊትር እንዳይበልጥና መኪናው ለሕዝብም የሚሸጥ እንዲሆን ያስገድድ ነበርና። ስሙ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. ለ2014 በወጣው ሞዴል ሲመለስ፣ 7 ሊትር ሞተርና 505 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ መኪና በ75,000 ዶላር ለገበያ ቀረበ። በዚያው ወቅት የነበረው ወንድሙ፣ ካማሮ ዜድ ኤል 1፣ 580 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ዋጋው ግን በብዙ ሺህ ዶላር ያንስ ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ገዢው ብዙ ከፍሎ ያገኘው ያነሰ ጉልበትና ያነሰ ምቾት ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ድምፅ የሚያፍነው ምንጣፍ ተነሥቷል፤ የኋላው መስታወት ሣስቷል፤ አየር ማቀዝቀዣው ተጨማሪ ተከፍሎበት ካልሆነ በቀር አይገጠምም፤ ድምፅ ማጉያውም አንድ ብቻ ቀርቷል። ገንዘቡ የዋለው ከካርቦንና ከሴራሚክ በተሠራው ፍሬን፣ በጎማውና መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ መሬቱን እንዳይለቅ በሚያደርገው ሥራ ላይ ነው። ጀርባው ጭነት እንዳይነካ የተጠበቀውን የአዊ ፈረስ የሚመስለውም በዚህ ነው። ሁለቱም ለአንድ ሜዳ ሲባል ብዙ ነገር ተከልክለዋል፤ መከልከሉም ራሱ ወጪ አለው።

አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ጫማ ሁለት ጥቅም እንዳለው ያስረዳል፤ አንዱ መጫሚያነቱ፣ ሌላው በሌላ ነገር መለወጡ ነው። ጫማ የተሠራው ግን ለመጫማት ነው ይላል። ይህ ልዩነት ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። በጥቂቱ የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ነገር ጥቂት የሚሆነው ሥራው ከባድ፣ የሚያውቀውም እጅ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ሌላው ደግሞ ጥቂት የሚሆነው ሠሪው ከዚህ በላይ አልሠራም ብሎ በሩን ስለ ዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዶጅ ቻሌንጀር ዴመን 840 የፈረስ ጉልበት ድረስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቁጥሩ በ3,300 እንዲወሰን ያደረገው ኩባንያው ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ሰው ለሞተሩ ከሚከፍለው በተጨማሪ ሌላው ሰው ስለማያገኘውም ይከፍላል። ከዚያም መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ሸፍኖ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ ዋጋው እስኪያድግ የሚጠብቅ አይጠፋም። ይህ ሰው ጫማውን ሳይጫማ ለመለወጥ ብቻ የያዘ ነው። ለእርሱ መኪናው መኪና መሆኑ ቀርቷል።

«ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ማንንም አልጎዳም» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሕግም ከጎኑ ይቆማል። ነገር ግን በዚያ መኪና ውስጥ የብዙ መሐንዲሶችና ሠራተኞች ዕውቀት ተከማችቷል፤ ዕውቀትም ተቆልፎበት ሲቀር የሚጎዳው ሰው በስም ባይጠራም ጉዳቱ አይቀርም። የውድድር ሜዳ ለተራው ተጓዥ ያበረከተውን ማስታወስ ይበቃል። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማንን ውድድር ሲያሸንፍ የዲስክ ፍሬን ተጠቅሞ ነበር፤ ያ ፍሬን ዛሬ በየመንገዱ በሚሄዱ ተራ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ጥቂቶች በውድ ዋጋ የሞከሩት የብዙዎችን ሕይወት ሲጠብቅ ዋጋው ከከፋዩ አልፎ ለሌላውም ተከፍሏል ማለት ይቻላል።

እነዚህ መኪናዎች በእኛ ጎዳና ላይ ይታያሉ ተብሎ አይጠበቅም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ጥያቄው ግን የእኛም ነው፤ ወደ ፈረሱ ያስመልሰናልና።

ፈረስ ተሸፍኖ አይቀመጥም። ካልጋለቡት ይሰንፋል፤ ካልገሩት ይከፋል፤ ጋላቢውም ካልተለማመደ ያማረው ኮርቻ ከመውደቅ አያድነውም። የአባቶቻችን የፈረስ ስም፣ የምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ የራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ እስከ ዛሬ የሚጠራው ፈረሱ ስንት ወጣበት ተብሎ አይደለም፤ በጀርባው ላይ የነበረው ሰው ስለ ሠራው ሥራ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረትም ይህንኑ ይናገራል። በጥር 23 ሜዳ ላይ ፈረስ የሌለው ሕፃን የጋላቢውን አቀማመጥ ያያል፤ ሽማግሌው ይተቻል፤ ኮርቻ ሠሪው የእጁ ሥራ ሲፈተን ይመለከታል። የአንዱ ገበሬ ወጪ የብዙዎች ትምህርት፣ የብዙዎች ትዝታ ይሆናል።

ይህን ስንል ግን ወጪውን ሁሉ መባረካችን አይደለም። ልጆቹ ተርበው ፈረሱ ገብስ የሚበላበት ቤት ካለ፣ ያ ፈረስ የቱንም ያህል ቢያምር የግፍ ፈረስ ነው። ከግልቢያው ይልቅ የግላሱ ፉክክር ከበለጠም ፈረሱ ጋራዥ ውስጥ እንደ ተቆለፈው መኪና ሆነ ማለት ነው፤ የሚታየው ፈረሰኛው መሆኑ ቀርቶ የኪሱ መጠን ይሆናልና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ በገበያ ላይ ብቻ መልስ አያገኝም። ገበያ ዋጋ ይቆርጣል፤ ዋጋው ተገቢ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ከተገዛ በኋላ በሚውልበት ሥራ ነው። 75,000 ዶላር ከፍሎ መኪናውን በተሠራለት ሜዳ ላይ እስከ አቅሙ ድረስ የሚነዳ፣ ጥበቡንም ለሌላው የሚያሳይ ሰው ከሚወቀስ ይልቅ ቢመሰገን ይገባል፤ የዚያን ሩብ ከፍሎ ዕቃውን ለመኩራሪያ ብቻ የሚያኖር ግን ውድ ገዝቷል። መምህሩ በቁም ሣጥን ስለ ተቆለፈ መጽሐፍ፣ አርቲስቱ ሳይቃኝ ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ ክራር ሲያስቡ ይህንኑ ሚዛን ቢይዙ አይሳሳቱም። አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ ለቆመው ገበሬያችንም ልንለው የሚገባን ይህ ነው፤ ቤትህ ካልተጎዳ ፈረሱን ግዛ፤ ጥር 23 ሲደርስ ግን በሜዳው ላይ እንይህ።