የተላከ ሰው መንገዱ የሚፈጸመው በመመለሱ ነው

(ወደ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ጉባኤ ለሚላኩ በጎ ፈቃደኞች የተሰጠ ስብከት፤ ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40)



በየቁምስናችን ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ወጣቶች አሉን። እሑድ ጧት ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ሕሙማን ይጎበኛሉ፤ በክረምት ደግሞ ትምህርት የከበዳቸውን ታናናሾቻቸውን ሰብስበው ያስጠናሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ አልፎ አልፎ ተመርጠው በውጭ አገር ወደሚደረግ ዓለም አቀፍ የካቶሊክ ወጣቶች ጉባኤ ይላካሉ። ስማቸው ከቅዳሴ በኋላ በተነበበ ዕለት ደስታው የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የመንደር ይሆናል። ፓስፖርት ይወጣል፣ ሻንጣ ከዘመድ ይለመናል፣ ለብርዱ ሹራብ ይፈለጋል፤ እናትም ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ትመርቃለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ደስታችሁን ማንም ሊያደበዝዝባችሁ አይገባም። ነገር ግን ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ አብረን እንመርምር፤ ይኸውም የተላከ ሰው መንገዱ መቼ ይፈጸማል? የሚል ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነውን? ጉባኤው ሲዘጋ ነውን? ወይስ ሌላ ጊዜ አለው?

ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ጽፎልናል። ሰውየው በንግሥት ህንደኬ ቤት ትልቅ ሥልጣን የነበረው፣ ግምጃ ቤትዋንም የሚያስተዳድር ጃንደረባ ነበረ፤ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣውም ለአምልኮ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወንጌላዊው ይህ ሰው በኢየሩሳሌም ስላየው ነገር አንዲት ቃል እንኳ አልጻፈም። የቤተ መቅደሱ ግርማ አልተነገረም፤ ያገኛቸው ታላላቅ ሰዎች አልተቈጠሩም። የተጻፈልን ነገር ሁሉ የሆነው ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ ነው። በእጁ የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነበረ፤ በልቡ ደግሞ ያልተፈታ ጥያቄ ነበረ። አንድ እግረኛ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ያ ሹም አልተቈጣም፤ አስተማሪ እንደሚያስፈልገው ተናዘዘና ፊልጶስን ከጎኑ አስቀመጠው። በመንገዳቸው ውኃ ባገኙ ጊዜም ተጠመቀ። ፊልጶስ ከዓይኑ በተሰወረ ጊዜ ግን ሊፈልገው ወደ ኢየሩሳሌም አልተመለሰም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። መንገዱም ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ ነበረ።

ውድ ወጣቶች፤ እግዚአብሔር ለዚህ መንገደኛ ያዘጋጀለትን ጸጋ የሰጠው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ነው። ከጉባኤው አዳራሽ ጥያቄ ይዞ የወጣ ሰው መልሱን ከአዳራሹ ውጭ፣ ወደ ቤቱ ሲጓዝ ሊያገኘው ይችላል። በመንገድ የቀረ ግን ፊልጶስን የት ያገኘዋል?

ይህንኑ ትምህርት ከእመቤታችን ሕይወት እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2023 ከነሐሴ 1 እስከ 6 በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን የዓለም ወጣቶች ቀን ሲከበር፣ የተመረጠው መሪ ቃል እመቤታችን ተነሥታ ኤልሳቤጥን ልትጎበኝ ፈጥና መሄድዋን የሚያወሳው የሉቃስ ወንጌል ክፍል ነበር (ሉቃ. 1፥39)። በመዝጊያው ቅዳሴ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ እንደ ተገኘ ተነግሯል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በማስተናገድ የደከሙት ከ20,000 በላይ የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ወደ ሮም ከመመለሳቸው በፊት አልጄስ በተባለው ስፍራ ከእነዚሁ ጋር ተገናኝተው አመስግነዋቸዋል። ታዲያ ያ ምዕራፍ በእመቤታችን መሄድ ብቻ አያበቃም። ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብለን ብናነብ፣ ሦስት ወር ያህል ከቈየች በኋላ ወደ ቤትዋ መመለስዋን እናገኛለን (ሉቃ. 1፥56)። ፈጥና የሄደችው ልታገለግል ነው፤ የተመለሰችውም አገልግሎትዋን ልትቀጥል ነው። በናዝሬት የሚጠብቃት ነገር ቀላል አልነበረም፤ የዮሴፍ ጭንቀትና የሰው ሐሜት ይጠብቋት ነበር። እርስዋ ግን ተመለሰች።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ አንድ ምስክር ልጥቀስ። ዮሴፍ ካርዳይን እ.ኤ.አ. በ1882 በቤልጅግ አገር፣ ብራስልስ አጠገብ፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ካህን ለመሆን ወደ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ። ለዕረፍት ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ግን አብረውት የተማሩት፣ አሁን በፋብሪካ የሚሠሩት ጓደኞቹ እንደ ባዕድ ተመለከቱት። እርሱ በተማረ እነርሱ በደከሙ፣ በመካከላቸው ገደል ተፈጥሮ ነበር። ካርዳይን እነርሱን አልወቀሰም፤ ልቡ ግን ቈሰለ። እ.ኤ.አ. በ1903 አባቱ በድካም ብዛት ታሞ ሲሞት፣ ሕይወቱን በሙሉ ለሠራተኛው ሕዝብ ለመስጠት በአልጋው አጠገብ ተሳለ። ከዚያ ስእለት የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞች ማኅበር በቀለ፤ ማኅበሩም ማየትን፣ ማመዛዘንንና ማድረግን የአባላቱ ልማድ አደረገ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 «ማተር ኤት ማጂስትራ» በተሰኘው መልእክታቸው ይህን መንገድ አመስግነው ለሌሎች አስተላልፈውታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1957 ከዓለም ዙሪያ ከ30,000 በላይ ወጣት ሠራተኞች በሮም በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ጉባኤው ለብቻው ግብ አልነበረም። እያንዳንዱ የመጣበት መሥሪያ ቤት፣ የተነሣበት ሰፈር፣ ድምፅ የሌለው ባልንጀራ ነበረው። ለእነርሱ ሲል መጣ፤ ወደ እነርሱም ተመለሰ።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልናገር ነው፤ ብሸሽገው አደራዬን አጎድላለሁ። ከአገራችን ልጆች ብዙዎች ጦርነትና ሥራ አጥነት ገፍቶአቸው ተሰደዋል። ቤተ ክርስቲያን አትፈርድባቸውም፤ ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቶ በግብፅ ተሰድዷልና። ሕይወቱ በእውነት አደጋ ላይ የወደቀ ሰው መጠጊያ መፈለጉ መብቱ ነው። ነገር ግን በማኅበር ስም፣ በጳጳስ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ምእመናን ከጉሮሮአቸው ነጥቀው ባዋጡት ገንዘብ ቪዛ አግኝቶ፣ በጉባኤው መካከል ተሰውሮ መቅረት ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ያታለለው ኤምባሲውን ብቻ አይደለም። በሚመጣው ዓመት ሌላ ወጣት እውነተኛ ደብዳቤ ይዛ በዚያው መስኮት ፊት ስትቆም፣ የእርሱ ጥላ በእርስዋ ላይ ያርፋል፤ እርስዋ ባልሠራችው ጥፋት ትከለከላለች። አባቶቻችን አደራ ጥብቅ ነው፤ ሰማይ ሩቅ ነው ይሉ ነበር። የአደራን ክብደት ሲያስረዱ ነው።

ሆኖም ይህን ስናገር ለእኛ ለታላላቆችም ጥያቄ አለኝ። ወጣቶቹን ተመለሱ ስንል፣ መመለሻ ስፍራ አዘጋጅተንላቸዋልን? ስንመርጥ በእውነት ያገለገለውን ነው የመረጥነው ወይስ ዘመድ ያለውን? ሲመለሱስ ምን እንጠይቃቸዋለን? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ምን አመጣችሁልን?» የሚል ነው። «ምን ሰማችሁ? ምንስ ተማራችሁ?» ብለን የጠየቅናቸው ስንት ጊዜ ነው? ሰሚ ያጣ መልእክተኛ ልቡ ወደ ሄደበት አገር ቢኮበልል የእኛም ድርሻ አለበት። ቀርቶብን የሄደ ልጅ ካለም በሩን አንዝጋበት፤ የጠፋው ልጅ አባት ከሩቅ ያየው ዘወትር መንገዱን ይመለከት ስለ ነበረ ነውና።

እንግዲህ የምትሄዱ ልጆቼ፤ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሚቀሩትን ጠይቁ። ሕሙማኑን፣ ሕፃናቱን፣ ሥራ ፈትቶ በየመንገዱ ዳር የሚውለውን ባልንጀራችሁን «በዚያ ምን እንድናገርልህ ትወዳለህ?» በሉት። ያን ጊዜ በጉባኤው የምትናገሩት ቃል የብቻችሁ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሳላችሁ ፎቶግራፍ ከመነሣት ይልቅ ማድመጥን አብዙ። ችግራችንን ስትናገሩ ልመና አታድርጉት፤ እውነቱን ብቻ ተናገሩ። እኛም የምንሰጠው አለን፤ የረጅም ዘመን እምነት፣ ጾምና ጸሎት፣ እንግዳ መቀበል አለን። የሌላው አገር ወጣትም የራሱ ቊስል አለው። ብቸኝነቱን ሲያወጋችሁ ሀብታም ነው ብላችሁ አትናቁት።

ሦስተኛ፣ ስትመለሱ መልስ ስጡ። ጳውሎስና በርናባስ ከጉዞአቸው ወደ አንጾኪያ በተመለሱ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያንን ሰብስበው እግዚአብሔር በእነርሱ እጅ የሠራውን ነገር ሁሉ ተርከዋል (ሐዋ. 14፥27)። እናንተም በተመለሳችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽማግሌዎችና በሕፃናት ፊት ቆማችሁ ተናገሩ። የወጣውን ገንዘብ በግልጽ አስረዱ። ከዚያም ከእናንተ ቀጥሎ የሚሄደውን አንድ ታናሽ ከጎናችሁ አስቀምጡና አሰልጥኑ። ደግሞም የተዋችሁትን ሥራ መልሳችሁ ያዙ። ከባሕር ማዶ መጥቻለሁ ብሎ የሕሙማንን በር ማንኳኳት የተወ በጎ ፈቃደኛ፣ አካሉ ተመልሶ ልቡ የቀረ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በግዕዝ ቅዳሴያችን መጨረሻ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ይለናል። ይህን ቃል ዘወትር ስለምንሰማው ክብደቱን ዘንግተነው ይሆናል። በግዕዝ «አተወ» ማለት ወደ ቤት ተመለሰ ማለት ነው። ቅዱስ ቊርባንን የተቀበለ ምእመን በቤተ መቅደስ እንዲቀር አይነገረውም፤ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲገባ ይሰናበታል። የተቀበለውን ሰላም የሚጠብቁ ሰዎች በቤቱ አሉና። ዓለም አቀፉ ጉባኤም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻ ቃሉ ስንብት ነው፤ ስንብቱም ወደ ቤት ነው።

ወጣቶቻችንን የምትሸኙ እናቶችና አባቶች፤ ዛሬ በጸሎታችሁ መሄዳቸው እንዲሳካ ብቻ አትለምኑ፤ መመለሳቸውም እንዲባረክ ለምኑ። ፈጥና የሄደችው፣ በትዕግሥትም ወደ ቤትዋ የተመለሰችው እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በመውጣታቸውና በመግባታቸው ታማልዳቸው። በምድረ በዳው መንገድ ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አስተማሪ የላከ እግዚአብሔር ለእነርሱም በመንገዳቸው ይላክላቸው፤ ደስ ብሎአቸውም ወደ እኛ ይመልሳቸው። አሜን።