ሥጋን ስለ መግዛት

የአቃቂ ሰው ህንድን የሚያውቃት በካርታ ብቻ አልነበረም፤ ከህንዶች ጋር በሽርክና የቆመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኖ ነበር። ከዚያችው አገር የመጣው ዮጋም፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ሰኔ 14ን የዮጋ ቀን ብሎ ከሰየመው ወዲህ፣ በአገራችን ስሙ ይሰማል።

ነገር ግን ብዙዎቻችን ዮጋ እጅና እግርን ማጣጠፍ ብቻ ይመስለናል። የጥንቱ ሊቅ ፓታንጃሊ ከደረደራቸው ስምንት እርከኖች አካልን አጽንቶ መቀመጥ ሦስተኛው፣ ትንፋሽን መግዛት አራተኛው ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ሰውን አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ ነው። እንግዲህ ጉልበቱ እንደ ልቡ እየታጠፈለት በጎረቤቱ ላይ የሚዋሽ ሰው፣ መሰላሉን ከመካከል የጀመረ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በሁዳዴ ወገቡ እስኪዝል የሚሰግድ ምእመን፣ ዐይኑና አንደበቱም እንዲጾሙ ታዟል። ሃይማኖቱ ይለያያል፤ አንቀላቅለውም።

እኛ ራሳችን በቃሊቲ መናኸሪያ ተሰልፈን ሳለ አንዱ ቀድሞን ቢገባ ትንፋሻችን ፈጠነ። እየቆጠርን በዝግታ ተነፈስን፤ የልባችንም ትርታ ረጋ። አውቶቡሱ ሲነሣ ግን ሰውየውን ከኋላ ሆነን በክፉ ዐይን እናየው ነበር።