የመምህር ውለታ ለማን ይከፈላል?

የነርቭ ሐኪም ልሁን ብሎ የተነሳ ሰው መጽሐፉን ብቻውን ሊያነበው ይችላል፤ እጁን ግን ብቻውን ሊያሠለጥነው አይችልም። ጉልበትን በትንሽ መዶሻ መምታት፣ ውስጥ እግርን በቁልፍ ጫፍ መጫር፣ በሽተኛው ከበሩ እስከ አልጋው ሲራመድ ዓይንን የት ማሳረፍ እንደሚገባ ማወቅ፤ ይህ ሁሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው። ሬዚደንቱ አጠገቡ ቆሞ «እንዲህ አይደለም፤ በመጀመሪያ እግሩን አላላው» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ኋላም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ለውጭ ሥልጠና የሚያጨው፣ ሲፈተን ከፈታኞቹ መሐል የሚቀመጠው ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይነሳል። እንዲህ ያለ ውለታ የዋለ መምህር ከተማሪው ምን ሊጠይቅ ይገባዋል?

«የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በሐኪም ቤት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» የምትሉን አትጠፉም። ነገሩ ግን የሐኪም ብቻ አይደለም። እኛስ ብንሆን አማካሪ ስንመርጥ የምናየው ዕውቀቱን ነው ወይስ ክንዱን? መልሱን ለየራሳችን እንተወውና ወደ ፓሪስ እንሻገር፤ የነርቭ ሕክምና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ከቆመባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነውና።

ዣን ማርተን ሻርኮ ሳልፔትሪየር በተባለው ሆስፒታል ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ለነርቭ በሽታዎች ብቻ የቆመ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተሰጠው። ተማሪው ከየአገሩ ይጎርፍለት ጀመር። ፍሮይድ እንኳ በ1885 ከቪየና መጥቶ ጥቂት ወራት ተምሮ ቢመለስ፣ የበኩር ወንድ ልጁን በሻርኮ ስም ሰየመው። በ1887 ብሩዬ የተባለ ሠዓሊ ይህን ትምህርት በሸራ ላይ አስቀርቶታል። ሻርኮ ያስተምራል፤ ወንዶቹ ተደርድረው ያያሉ፤ ራሷን የሳተችውን ሴት ከኋላ ደግፎ የያዛት ወጣት ሐኪም ደግሞ ጆሴፍ ባቢንስኪ ነው።

ባቢንስኪ የፖላንድ ስደተኛ ልጅ ነው፤ ከለላው ሻርኮ ነበር። በ1892 ለፕሮፌሰርነት የሚያበቃውን ውድድር ገባ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ማን ሆነ? ሻርል ቡሻር። ቡሻርም በበኩሉ የሻርኮ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ በአንጎል ውስጥ በቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ የሚታየው እብጠት እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ተጣምሮ ይጠራል። ኋላ ግን ተቀያይመው ባላንጣ ሆነዋል። ባቢንስኪ ወደቀ። ታሪክ ጸሐፊዎች ውድቀቱን ከዚህ ቅያሜ ጋር ያያይዙታል። ዳግመኛ አልተወዳደረም፤ ያንን ወንበር ሳያገኝ በ1932 ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ቡሻርን ይረግማል፤ እርግጥ ነው፣ ይገባዋል። ግን እኮ የሻርኮ ወዳጅ ሰብሳቢ ቢሆን ኖሮ ባቢንስኪ በሻርኮ ስም ሊያልፍ ነበር። ያስ ፍርድ ነው? በአንድ ሰው ጥላ ሥር ያደገ ወጣት ሲያልፍም ሲወድቅም የሚመዘነው ጥላው ነው። በእኛ እምነት ጥፋቱ የቂመኛው ብቻ ሳይሆን የልጅን ዕጣ በአንድ ስም ላይ ያሰረው አሠራር ጭምር ነው።

ባቢንስኪ ሌላ ሆስፒታል ገብቶ ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሬዚደንት ውስጥ እግርን ሲጭር የአውራ ጣትን ወደ ላይ መነሳት የሚጠብቀው፣ ይህ ሰው በ1896 ባቀረበው አጭር ጽሑፍ ምክንያት ነው። ከዚያ የባሰው መጣ። በ1901 ሂስቴሪያ ስለሚባለው ሕመም መምህሩ ሲያስተምር የኖረውን አፈረሰው፤ ሻርኮ በዘር የሚወረስ የነርቭ በሽታ ያለውን፣ ባቢንስኪ በሰው አሳሳቢነት የሚመጣና በማግባባት የሚለቅ ነው አለ።

ውለታ ቢስ ነው? እኛ አይደለም እንላለን። ያቺን ሴት በገዛ ክንዱ ደግፎ የያዘ ሰው፣ የምትወድቀው ሐኪሞቹ እንድትወድቅ ስለሚጠብቁም ጭምር እንደሆነ ከገባው በኋላ ለመምህሩ ክብር ሲል ዝም ቢል፣ የዝምታውን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት። ቅር የሚለን ሌላ ነው፤ ይህ እስኪነገር መምህሩ ከሞተ 8 ዓመት አልፎ ነበር።

የኛ ቅኔ ቤት ለዚህ አንድ መላ ነበረው። ተማሪው ከአንዱ የኔታ ዘንድ የጎደለበት ሲመስለው አኩፋዳውን አንግቶ ይነሳል፤ ጎንጅም ይሁን ዋድላ ወይም ዋሸራ፣ ሌላ መምህር አይጠፋም። ረሀቡም ውሻውም አለ፣ ምኑ ቅጡ! ግን መሄድ ይችላል። መሄድ የሚችል ተማሪ ደግሞ ሲቆይ ወዶ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሕር ማቋረጥ ግድ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መምህራኑም በራውንድና በበሽተኛ ብዛት የተወጠሩ ስለሆኑ ለያንዳንዱ ልጅ ጊዜ ከየት ያምጡ የሚል ቢኖር እውነት አለው። ሆኖም መምህር ጥቂት በሆነበት ሙያ ከአንዱ ሲኒየር ጋር ያልተስማማ ሬዚደንት አኩፋዳውን አንግቶ የት ይሄዳል? ስለዚህ ደብዳቤውን አንድ ሰው ብቻ አይጻፈው፤ ከመካሪው ጋር መከራከር ያማረው ልጅ የሚሰማው ሁለተኛ ጆሮ ይኑር እንላለን።

ደግሞ «አለሁልህ» የሚባል ጣፋጭ ቃል አለ። ክፍለ ሀገር ወርጄ ልሥራ ለሚል ተመራቂ «እዚሁ ሁን፣ እኔ አለሁልህ» ሲባል ከፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ለክፍሉ ሰው እንዳያንስ ከመስጋትም ሊሆን ይችላል። ያገራችን የነርቭ ሐኪሞች አብዛኞቹ ዛሬም ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ግን የትም ይወለዳል። ያ መምህር ቃሉን ከመናገሩ በፊት ተመራቂው ሊሄድበት ባሰበው ከተማ ስንት የነርቭ ሐኪም እንዳለ ጠይቆ ያውቅ ይሆን?