ትዕግሥት ስለሚባል የሴት ስም

አንባቢ ሆይ፥ ሴት ልጅህን ትዕግሥት ብለህ በሰየምሃት ጊዜ መልካም አደረግህ። ነገር ግን ባል ሚስቱን እየበደለ፥ «ስምሽ ትዕግሥት አይደለምን? እንግዲያስ ቻዪው» ሲላት በጆሮዬ ሰምቼአለሁ፤ ይህስ የአባትን ምርቃት ለግፍ ዋስ ማድረግ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 5፥22 ትዕግሥትን ከመንፈስ ፍሬ ጋር ሲቈጥር ለሴቶች ብቻ አልለየውም፤ ባልም ያፈራው ዘንድ ይገባዋል።

ደግሞም መልካም ስም ልቅሶን አይከለክልም። ኑኃሚን የስምዋ ትርጓሜ ደስ የምታሰኝ ማለት ሲሆን፥ ባልዋና ሁለቱ ልጆችዋ በሞዓብ ምድር ከሞቱባት በኋላ ወደ ቤተ ልሔም ተመልሳ፥ መራራ ማለት በሆነው ስም ማራ ብለው እንዲጠሩአት ለመነች። ስለዚህም ማንም እንደ ገሠጻት በመጽሐፈ ሩት አልተጻፈም።

እንግዲህ ልጅህ ከባልዋ ቤት እያለቀሰች ብትመጣ፥ «ታገሺ» ብለህ ሳትመልሳት አስቀድመህ ባልዋን አስጠርተህ ጠይቀው።