ክሬም ወይስ ግራጫ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ እንደ ብዙዎቹ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ባገኘው ገንዘብ ለእናታችን ሆሳዕና ላይ ቤት ሠራላት። የቀረው ቀለም ብቻ ነበር። ቀለም ቀቢው ግድግዳው ላይ ክሬምና ፈዘዝ ያለ ግራጫ ለሙከራ ቀባና «ምረጡ» አለን።

ወንድሜ በስልክ «ግራጫ ይሁን» አለ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሲጀመር በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ብዙ ሕንፃዎች ግራጫና መሰሎቹን ሲቀቡ አይቷል፤ ዘመኑ የግራጫ ነው ባይ ነው። እናቴ ግን ዓይኗ ክሬሙ ላይ ነው። ብጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ገንዘቡን ያወጣው እሱ፤ እሱ ያለው ይሁን» አለች። እኔም እንደ አስታራቂ ሽማግሌ «ሁለቱም ደብዛዛ፣ ያው ናቸው» ብዬ ተገላገልኩ።

ተገላገልኩ ልበል እንጂ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ያው ናቸው? ነጭ ላይ ጥቂት ጥቁር ሲጨመር ግራጫ፣ ጥቂት ቢጫ ሲጨመር ክሬም ይወጣል። መዳፍ በምታህል ሙከራ ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ግድግዳውን ሁሉ ሲያለብሱት ግን ይጎላል። በደመናማው ክረምታችን ግራጫ ክፍል ብርድ ብርድ ይላል። ቀዩ ጭቃችንም ግራጫው ላይ ሲረጭ ያፈጣል፤ ክሬሙ ግን ይችለዋል። ያንን ጭቃ የሚወለውለው ማን ነው? ከፋዩ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም።

ልጅ ሳለን፣ ያሆዴ ሲቃረብ እናቴ የምትመርገውንና የምትቀባውን አፈር ራሷ መርጣ ታመጣ ነበር። ማንንም አታስፈቅድም። ዛሬም ወደ ሀላባ የሚሄድ መንገደኛ በቀለም ያጌጡ ጎጆዎችን ያያል፤ ቀለም የቤቱ ሰው ድምፅ ነው። እናቴ ያኔ ቤቷ የጭቃ ነበር፣ ምርጫው ግን የራሷ። አሁን ቤቷ የብሎኬት ሆነና ምርጫዋን ተወችው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ በሆኑበት ቦታ «ለእኔ ያው ነው» ማለት ገለልተኝነት አይደለም። ተቀባይ በይሉኝታ አፉ ተይዟል፤ መሀል የቆመ ሰው ዝም ሲል ሚዛኑ ሳይነኩት ወደ ሰጪው ያጋድላል። በቤተሰብ እንዲህ ከሆነ በመሥሪያ ቤት፣ በቀበሌ፣ በአገር ስንቱን ነገር «ያው ነው» እያልን አሳልፈን ይሆን?

ሲነጋ ደወልኩለት። ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ለምን ራሷ አልነገረችኝም?» አለ። ብድር ውስጥ ያለ ሰው ምርጫ እንደሌለው የሚያስብ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። «የምን ብድር? እናቴ አይደለች?» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ደስ አሰኘኝ።

ቤቱ ክሬም ተቀባ። ወንድሜ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲመጣ የሚያድርባት ክፍል ግራጫ ትሁን አለ። ሆነች። እናቴ በየጠዋቱ ትወለውላታለች።