«ሰብር አድርግ» ብለን ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ንግድ ሥራ ኮሌጅ አብረን የተማርን ጓደኛ አለኝ። ከክፍል ስንወጣ ሰንጋ ተራ ቁጭ ብለን አንድ ሳምቡሳ ለሁለት የምንካፈል ነበርን። እሱ ወደ ጅዳ ሄደ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። አንድ ሌሊት በኢሞ ጻፈልኝ። ሽማግሌ ልኮባት ሁለት ዓመት የጠበቃት ልጅ «ይቅርብኝ» ብላዋለች። እንቅልፍ የለውም፣ ምግብም አይወርድለትም። እኔ ምን አደረግሁ? ስለ ሰብር የሚያወራ የሚያምር ካርድ ላኩለትና «አላህ በተሻለ ይተካልህ» አልኩት። «አሚን» አለኝ። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። እኔም «ተሽሎት ነው» ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ያንን ካርድ ስትልክልኝ ኢማኑ የደከመ ሰው ሆኜ እንደታየሁህ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም ላለመንገር ወሰንኩ።» ወላሂ፣ ያቺ «አሚን» በር መዝጊያ ነበረች፤ እኔ ግን አልሰማሁም።

ሰብር ሐቅ ነው፣ ዱዓውም ሐቅ ነው። ጥፋቴ ሰውየውን ሳልሰማው መምከሬ ነው።

እስቲ የሙጊስን ታሪክ አስታውሱ። ቡኻሪ ዘግበውታል። ባለቤቱ የነበረችው በሪራ ከባርነት ነፃ ስትወጣ የመምረጥ መብት አገኘች፤ ተለየችው። እሱ ግን ፍቅሩ አልወጣለትም። በመዲና መንገድ ላይ እያለቀሰ ይከተላት ነበር፤ እንባው ጢሙን ያርስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው «ወንድ ልጅ ለሴት ያለቅሳል?» አላሉትም። ኢማኑንም አልመረመሩም። ለአጎታቸው ለዐባስ የእሱ ፍቅርና የእሷ ጥላቻ እንዴት እንደሚያስገርም ነገሯቸው፣ ከዚያም ራሳቸው አማለዱት። በሪራ «ትእዛዝ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት እንደማትፈልገው ተናገረች። አላስገደዷትም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ልቡ የተሰበረ ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይሳቅበትም። ሁለተኛ፣ እምቢ ያለችው ልጅም መብቷ ይከበራል። ስለዚህ ለጓደኛችሁ ብላችሁ የእሷን ገጽ አትሰልሉ፣ አዲስ ፎቶዋን እያነሳችሁ አትላኩለት፣ ስሟንም አታጥፉ። ያ ቁስሉን መነካካት ነው።

ደግሞም ሐዘን ሁሉ የኢማን ድካም አይደለም። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ናቸው፤ በዩሱፍ ሐዘን ግን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ መድረሳቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዘን ለደረሰበት ቤት ተልቢና ያሠሩ ነበር፤ እንደኛ አጥሚት ያለ የገብስ ነገር ነው። አያችሁ? ለሐዘንተኛ ምክር ብቻ አይደለም የሚቀርበው፤ ምግብም ይቀርባል።

«እሱ ጅዳ፣ እኔ ሰንጋ ተራ፤ አጥሚት በምን ልላክ?» ትሉኝ ይሆናል። መላክ ባንችል መጠየቅ እንችላለን። «ዛሬ ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተኛህ?» ሰልማን ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሊጠይቅ ሲሄድ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አብሮት እንዲበላና ሌሊት እንዲተኛ አደረገው። በኋላ አንዱ ሻም፣ ሌላው ዒራቅ ሲኖሩም በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። የእነሱ ደብዳቤ በግመል ነበር የሚጓዘው፤ የኛ በሰከንድ ይደርሳል። ከጅዳና ከሪያድ ጋር ደግሞ ሰዓታችን እንኳ አንድ ነው።

ስለዚህ ቀን ቁረጡ። ለምሳሌ ሁልጊዜ እሁድ ከዒሻ በኋላ ደውሉ። ካላነሳ አትቆጡ፤ አጭር ቮይስ ላኩ፣ «መመለስ ግዴታህ አይደለም፣ አለሁ ልልህ ነው» በሉት። ሲያወራ አታቋርጡት። የነገራችሁን ለጀመዓው አታውሩ።

ግን እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ ከሥራና ከሰው መሸሹ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ነገሩ ከልብ ስብራት አልፎ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን አስተምረውናል። ቁርኣን መቀራትና ሐኪም ዘንድ መሄድ አይጣሉም። ጓደኛችሁ እዚህ አገር ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ አብራችሁት ሂዱ። ውጭ ከሆነ፣ በተለይ ኢቃማ ከሌለው፣ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈራዋል፤ አብሮት የሚኖር ሰው፣ ዘመድ ወይም የቅርብ ወንድም ፈልጋችሁ አገናኙት።

«መኖር ሰለቸኝ» ካለ ደግሞ በቀልድ አትለፉት። «ራስህን ለመጉዳት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ስልኩን አትዝጉ፤ በዚያው ሰዓት አጠገቡ ያለ ሰው እንዲደርስለት አድርጉ። እዚህ ላይ ምስጢር መጠበቅ የለም፤ ነፍስ ይቀድማል።

እናንተም ሰው ናችሁ፣ ትደክማላችሁ። ሺፋእ ከአላህ ነው። ሸክሙን ብቻችሁን አትያዙት፣ የምታምኑትን አንድ ጓደኛ ጨምሩ።

እኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ አነሳው። ባያነሳው ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል።

ያ አቡ ደርዳእ ያስተላለፈው ሐዲስ አለ፤ በሌለበት ለወንድሙ ዱዓ ለሚያደርግ ሰው መልአክ «ላንተም እንዲሁ» ይላል። ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከዐስር በኋላ ድምፁ የጠፋባችሁን ሰው በስሙ ጥሩና ዱዓ አድርጉለት። ከዚያ «አሚን» ብላችሁ አትተኙ። ደውሉለት።

አላህ የተሰበረ ልብን ሁሉ ይጠግን።