ለጥምቀት የአርበኛ ልብስ ላሰፋው ልጄ

ልጄ፣ ኮትህ ደርሷል። ካኪው ጥሩ ጨርቅ ነው። ተነፋነፉ ሱሪም እንዳልከው ከጉልበት በላይ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ጠባብ ሆኖ ወጥቷል። ገበሩን ድርብ አድርጌልሃለሁ፤ የጥር ጠዋት የጎንደር ብርድ አይጣል ነው። የውስጥ ኪሱን ግን አልሠራሁትም።

«በግራ ብብቴ ሥር ጠንካራ ኪስ ይኑረው» ስትለኝ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም፤ አንተም አልነገርከኝም። ልብስ ሰፊ ግን ሳይነግሩት ያውቃል። የስልክ ኪስ ደረት ላይ ነው የሚወጣው። ብብት ሥር፣ በድርብ ጨርቅ የሚሰፋ ኪስ ለሌላ ነገር ነው። የአያትህ ሽጉጥ እናንተ ቤት ሳጥን ውስጥ እንዳለች ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

አልተቆጣሁህም። እንዲያውም ልብሱን መውደድህ ደስ ብሎኛል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት የአባቶችን ልብስ ልስፋ የሚል ወጣት ሲመጣ ልቤ ይሞላል። አንዱ በርኖስ ይላል፣ አንዱ ጃኖ ይላል፣ አንዱ ጎፈር ከየት ላግኝ ይለኛል። ሹሩባውን ተሠርቶ፣ ዝናሩን ደረቱ ላይ አጥልቆ፣ እየሸለለ በፒያሳ ሲወርድ ማየት ያኮራል። ይህን ተው የሚልህ ሽማግሌ ካለ እኔ እከራከርልሃለሁ። የምለምንህ ስለ ሽጉጧ ብቻ ነው።

እስቲ የጣሊያንን ዘመን አርበኞች ፎቶግራፍ ልብ ብለህ እይ። ጠመንጃው ትከሻ ላይ ነው። ዝናሩ ደረት ላይ ነው። ሽጉጥ ያለውም ሰው ከኮቱ በላይ፣ በቀበቶው ታጥቋት ነው የቆመው። የደበቀ የለም። የታጠቀ ሰው መታጠቁን ያሳያል፤ ያየውም ሰው አውቆ ይቀርበዋል ወይም አውቆ ይርቀዋል። በእኛ ሀገር ሽጉጥ ደብቆ ገበያ የሚወጣው ሌላ ሰው ነበር። ደም ያለበት ሰው ነበር። ደመኛውን በሕዝብ መሐል የሚፈልግ፣ ወይም ደመኛው እንዳይቀድመው የሚፈራ። አንተ ደመኛ የለህም ልጄ፤ ተመስገን ነው። የሌለህን ነገር ልብስህ ሥር ለምን ትሸከማለህ?

«አጤ ቴዎድሮስስ?» ትለኝ ይሆናል። የጎንደር ልጅ ስለ ሽጉጥ ሲነሳ ወደሳቸው መሄዱ አይቀርም። እሺ፣ እንሂድ። በሀገራችን ታሪክ ከሳቸው ሽጉጥ በላይ ስሙ የተነሳ ሽጉጥ አላውቅም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ገጸ በረከት ነው። ነገር ግን የዚያን ሽጉጥ ስንት ጥይት ታውቃለህ? እኔ የማውቀው አንዱን ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ መቅደላ ላይ የተተኮሰውን። እሱም ያገኘው ባለቤቱን ነው። ንጉሡ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ነው፤ ክብሩን ማንም አይነሳቸውም። ግን እኔን ከጠየቅከኝ የቴዎድሮስ ትልቅነት ሽጉጡ ላይ አይደለም። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩ፣ መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ያስጎተቱት ሰው ናቸው። እሳቸውን መምሰል ከፈለግህ በመንገድ ሥራቸው ምሰላቸው። (ይህንን ለወጣት ስናገር አንድም ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።)

አሁን ስለ አያትህ ሽጉጥ ልንገርህ። አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አሳይተውኛል። ቤሬታ ናት። ቁልቋል በር ላይ ከጣሊያን መኮንን እንደማረኳት ይነግሩኝ ነበር። ጎኗ ላይ 1934 የሚል ቁጥር አለ። ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ስለሆነ ብዙ ሰው «ይኸው፣ የድሉ ዓመት ተጽፎባታል» ይላል። አይደለም። ፈረንጆቹ ሞዴሉን ያወጡበት በራሳቸው አቆጣጠር የሆነ ዓመት ነው። ይህን የምነግርህ በአያትህ ላይ ለማላገጥ አይደለም። ከመልኳ በቀር ብዙ እንደማታውቃት እንድታስብበት ብዬ ነው።

ካዝናዋን ስታወጣው ባዶ የሆነች ይመስልሃል። ላትሆን ትችላለች። አንድ ጥይት ጎርሳ ከቀረች ካዝናው ወጥቶም ትተኩሳለች። መቆለፊያዋ የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው፤ መምቻውን አይይዝም። ሞላዋ ካረጀ ስንት ዓመቱ ነው? ጥይቱስ? ያረጀ ጥይት ስትፈልገው ሊከሽፍ፣ ከሸፈ ስትለውም ዘግይቶ ሊባርቅ ይችላል። እንዲህ ያለችውን ነገር ነው ብብትህ ሥር፣ ልብህ አጠገብ አድርገህ እስክስታ ልትወርድ ያሰብከው።

ደግሞም አትደበቅም። እኔ በሙያዬ ልንገርህ። ክብደቷ ከ600 ግራም በላይ ነው። ኮቱን የፈለገው ሰው ይስፋው፣ የግራ ጎኑ ይወርዳል። አዝራሩ ወደ ግራ ይሳባል፤ ኮሌታው ከአንገትህ ይነሳል። አንተም ትለወጣለህ። ሽጉጥ የያዘ ሰው ጥቂት ይራመድና እጁ ሳያውቀው ወደዚያው ይሄዳል። አለች ወይ ብሎ ይነካካታል። ሰው ሲገፋው ፊቱ ይቀየራል። ይህን ሌባ ያውቀዋል። ፈታሽም ያውቀዋል። የማያውቀው ራሱ ባለቤቱ ነው።

የከተራን ዕለት አስበው። ታቦታቱ ሲወርዱ ከፒያሳ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሰው በሰው ላይ ነው። ክንድህን ማንሳት አትችልም። በማግስቱ፣ ጥር 11፣ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ልብሱን እየወረወረ ወደ ፋሲል መዋኛ ይዘላል። አንተም ትዘላለህ፤ በየዓመቱ ትዘላለህ። ታዲያ ኮትህን ለማን ትሰጣለህ? እኔ ልንገርህ፤ ለታናሽ ወንድምህ። እሱም በዚያ ግርግር፣ በእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር ኮትህን ታቅፎ ይቆማል። ልጅ ነው። የከበደው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት እጁን ይከታል። ከዚህ በኋላ ያለውን አልናገረውም።

በ2012 ዓ.ም ጥምቀት እዚያው መዋኛው ዘንድ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው መሞቱን ታስታውሳለህ። በዓል ሊያከብሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንዲት ተኩስ ብትሰማ፣ ማንንም ባትመታ እንኳ፣ ሕዝቡ ወዴት ይሮጣል? ስትወጣ ይህን አስበው። አንተ አስተዋይ ልጅ ነህ፤ ማሰብ ትችላለህ።

ጊዜውም ጊዜ አይደለም። በየመንገዱ ፍተሻ አለ። ከደባርቅ ስትመጣ፣ ከዳባት ስትመጣ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ስትመጣ ትወርዳለህ፣ እጅህን ታነሳለህ። ብብትህ ሥር ሽጉጥ ያገኘ ወታደር «የአያቴ ናት፣ ለልብሱ ማሟያ ነው» ብትለው ይሰማሃል? የአርበኛ ልብስ መልበስህ ራሱ ያንጊዜ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይባላል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን ሕዝብ በተሰበሰበበት ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም።

የምፈራው ግን ከሕጉ ይልቅ ልማዱን ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ብለህ ትይዛታለህ። ጥምቀት ካለፈ ሠርጉ ነው፤ ጥር የሠርግ ወር ነው። ለሠርግም ትይዛታለህ። ጠላው አለ፣ አረቄው አለ፣ ሙሽራው ሲገባ «እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ» የሚል ጓደኛ አለ። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ደግሞ ሰማይ አይቀርም። ከዚያ ገበያም ስትወጣ ትይዛታለህ። መጨረሻ ላይ ሳትይዛት ስትወጣ ራቁትህን የሆንክ ይመስልሃል። ያን ጊዜ ነው ሰው የተበላሸው።

ወገራ ውስጥ አንድ ቤት አውቃለሁ። ልጃቸው ሠርግ ላይ ሲጨፍር ሽጉጡ ከወገቡ ወድቆ ባረቀ። የተመታው የልብ ጓደኛው ነው። ጠብ አልነበረም፤ ቂም አልነበረም፤ አብረው ነበር የበሉት። ግን ደም ደም ነው። ልጁ ቆላ ወረደ። አባት ሽማግሌ ለምነው፣ ካህናት መስቀል ይዘው ቆመው፣ እርቁ እስኪወርድ ድረስ የቤቱ ወንዶች ማሳቸው ላይ አልዋሉም። በሬዎቹ ለካሳ ተሸጡ። እርቁ ወርዷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሁለቱ እናቶች ግን አንድ ምንጭ ነው የሚቀዱት፤ እስከ ዛሬም አንዷ ስትመጣ ሌላዋ እንስራዋን አንስታ ትሄዳለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጥምቀት ሽመል ያዝ። ጋሻ ካገኘህ ጋሻ አንግት። ዝናሩን ባዶውን ታጠቀው፤ ያምርብሃል። ሽለላ በድምፅ ነው፣ አንተ ደግሞ ድምፅ አለህ። አያትህን ማስታወስ ከፈለግህ ስማቸውን ጠርተህ ፎክር፤ የዋሉበትን ጠርተህ ፎክር። ቁልቋል በርን በል። የሚሰማህ ሰው ሽጉጧን ሳያይ አያትህን ያውቃቸዋል።

ስለ ሽጉጧም ዝም ብለህ አትቀመጥ። ይዘሃት ግን የትም እንዳትሄድ፤ አደራ። መጀመሪያ ከአጎትህ ጋር ባዶ እጃችሁን ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። እነሱ በሚሏችሁ መንገድ ብቻ ትውጣ። እስከዚያው ባዶ መሆኗን አጎትህ ይይላችሁ፤ እሱ ወታደር ነበር፣ ያውቅበታል። አንተ አትነካካት። ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። ሳጥኑ ይቆለፍ፣ ቁልፉም እናትህ ዘንድ ይሁን። ታናሽ ወንድምህ ቁልፉ የት እንዳለ ባያውቅ ይሻላል።